ለወፍ የወጣ ስም

ሰኞ፣ ኅዳር ፳

ባዶ መጣ! አገልግሉ ባዶ መጣ። እንድሪስ በልቷል ማለት ነው። በልቷል ማለት ደግሞ አለ ማለት ነው።

ይህን የምጽፈው እኔ ሁሴን ነኝ። ከሮቢ ወንዝ ወዲህም ወዲያም እንደኔ ወንጭፍ የሚወነጭፍ የለም፤ አሁን ደግሞ እንደኔ የሚጽፍ የለም። ጋሼ ተክሌ ሱቃቸውን ከዘጉ በኋላ ማታ ማታ ፊደል ካስቆጠሩን ገበሬዎችና የመንገድ ሠራተኞች መካከል «ፐ» ላይ አንደኛ የደረስኩት እኔ ነኝ። ሁለተኛ የደረሰ እንደሌለም አልክድም፤ ሌሎቹ መንገድ ላይ ቀርተዋል። ደብተሩን የሰጡኝ ራሳቸው ናቸው። «የዋልክበትን ጻፍ፤ ጉራህን ግን ተወው» አሉኝ። የዋልኩበት ጉራ ከሆነስ?

ወንድሜ እንድሪስ ምሽጉ ውስጥ ታስሯል። ሸማኔ ነው። ጥፋቱ ጋቢ መሥራቱ ነው። የጣሊያኖቹ አስተርጓሚ ሲይዘው እንዲህ አለው፤ «ሸዋ ሮቢት ሰው በነጠላ ያልበዋል። አንተ ይህን ወፍራም ጋቢ ለማን ነው የምትሠራው? ጣርማ በር ብርድ ላይ ለሸፈቱት ነው!» እንድሪስም፣ ሞኝ ነው እኮ፣ «ሸማኔ የሚሠራው ለበረደው ነው» ብሎ መለሰ። በዚህች መልስ ገባ።

እህታችን እትዬ ዘሀራ ማታ ማታ ማፍጠሪያውን ወደ ምሽጉ በር ትወስዳለች። የበሩ ዘበኛ፣ አባ ቁልፍ ብዬዋለሁ፣ ተቀብሎ ያስገባና በማግስቱ አገልግሉን ይመልሳል። እስረኛውን ማየት ክልክል ነው። ስለዚህ የእስረኛ ቤተሰብ ሁሉ የሚያነበው አገልግሉን ነው፤ ለዚህ ፊደል መቁጠር አያስፈልግም። ባዶ ከመጣ ሰውየው አለ። እንደ ሄደ ሙሉውን ከመጣ ግን… እሱን አልጽፈውም።

የኛ ሌላም ምልክት አለው። እንድሪስ የአገልግሉን መጠቅለያ ጨርቅ መልሶ የሚያስረው በሸማኔ ቋጠሮ ነው። ክር ሲበጠስበት የሚቀጥልባት፣ ጫፏ ወደ ውስጥ የምትደበቅ፣ በኛ ቤት ከሱ በቀር የሚችላት የሌለ ቋጠሮ። ዘሀራ በጥርሷ ነው የምትፈታት። እየፈታች ታለቅሳለች፤ ከፈታች በኋላ ትስቃለች።

የኢድ ዕለት የምሽጉ አዛዥ ካፒቴኑ እስላም እስረኞችን ይፈታል እየተባለ ነው። ሁሉንም አይደለም። ስሙ የተጠራ ይወጣል።

የእንድሪስ ስም እንዲጠራ ማድረግ አለብኝ። እንዴት? አላውቅም። ግን እኔ ካላወቅሁ ማን ሊያውቅ ነው!

ማክሰኞ፣ ኅዳር ፳፩

ዛሬ ስለ አባ ላባ።

አባ ላባ ወፍ ሊሰበስብ የመጣ የጣሊያን ሊቅ ነው። ወንዙ ዳር ከሾላው ሥር ድንኳን ተክሏል። ስሙ ረጅም ስለሆነ እኔ ነኝ አሳጥሬ አባ ላባ ያልኩት። የኛ ጀግና በፈረሱ ይጠራል፤ ይህ ሰውዬ ፈረስ የለውም፣ ያለው ላባ ነው። ሲጠራበት ደስ ይለዋል። ከጦርነቱ በፊትም አገራችን ኖሯል፤ አማርኛው አንካሳ ቢሆንም ይሄዳል።

የቀጠረኝ ወንጭፌን አይቶ ነው። ጠመንጃ ወፏን ወንፊት ያደርጋታል። እኔ ግን የማሽላ ማማ ላይ ግሪሳ ሳባርር ያደግሁ ነኝ፤ ድንጋዬ ራሷን ነክቶ ላባዋን ይቅርታ ጠይቆ ያልፋል። አባ ላባ ይገፍፋታል፣ ቆዳዋን መርዝ ይቀባል፣ ሆዷን ጥጥ ይሞላል፣ እግሯ ላይ ስሟ የተጻፈበትን ቁራጭ ወረቀት ያስራል። ስሙ በላቲን ነው። ፊደል ከቆጠርኩ ወዲህ የተጻፈ ነገር ሳላውቀው ማለፍ አልሆነልኝም። ምን ማለት ነው እለዋለሁ፤ ይነግረኛል።

የዛሬዎቹን ልጻፋቸው።

ሁድሁድ፦ ኡፑፓ ኤፖፕስ። ኡፑፓ ያሏት ሮማውያን ናቸው፣ ኤፖፕስ ያሏት ግሪኮች፤ ሁለቱም እንደ ጩኸቷ ነው የሰየሟት። እኛስ ሁድሁድ የምንላት እንደ ጩኸቷ አይደል? «ጌታዬ፣ ይህችን ሳልማር አውቃታለሁ፤ የነቢዩ ሱለይማን መልእክተኛ ናት» አልኩት።

እርኩም፦ ቡኮርቩስ አቢሲኒኩስ። ኮርቩስ ቁራ ነው፤ «ቡ» እንደ በሬ የገዘፈ ማለት ነው፤ አቢሲኒኩስ ያው የሐበሻ። በሬ የሚያህል የሐበሻ ቁራ። ልክ ነው። ሜዳ ላይ ሲንጎራደድ ካባ ለብሶ ግብር ሊያስገባ የመጣ ሹም ነው የሚመስለው።

ያቺ ጀርባዋ እንደ መስታወት የሚያብረቀርቅ፣ ሆዷ ዳማ፦ ሱፔርቡስ። ኩሩ ማለት ነው። «እኔን ሳያዩ ነው ይህን ስም ለሷ የሰጡት?» አልኩት። ሳቀ።

አንዷ ግን አሳዘነችኝ። እዚህ አገር የለችም፤ ከባሕር ማዶ፣ ሞቃት ደሴት ላይ ነው የምትኖረው። የገነት ወፍ ይሏታል። ላቲኑ «አፖዳ» ነው፤ እግር የለሽ ማለት ነው። የዚያ አገር አዳኞች ቆዳዋን የሚሸጡት እግሯን ቆርጠው ነበርና ፈረንጆቹ ስትፈጠርም እግር የሌላት መሰላቸው። መሬት ሳትረግጥ ሰማይ ላይ ኖራ ስትሞት ብቻ የምትወድቅ አደረጓት። በኋላ ከነእግሯ አዩዋት። ስሟን ግን አልለወጡም።

«ለምን አያርሙትም?» አልኩት።

«አይቻልም። አንዴ የወጣ ስም፣ ስሕተት ቢሆንም፣ አይነሣም። ሕግ ነው።»

እግር እያላት እግር የለሽ ስትባል ትኖራለች። ወደ ቤት ስመለስ የእንድሪስን እግር ሳስብ መጣሁ። ሰንሰለት ላይ ሳይሆን አይቀርም።

አገልግሉ ባዶ። ቋጠሮዋም አለች።

ረቡዕ፣ ኅዳር ፳፪

ማሽላው ዳር አንዲት ወፍ ጣልኩ። ትንሽ፣ አፈር የመሰለች፣ ምንም የማታምር። አባ ላባ አገላብጦ አያት። መጽሐፍ አመጣ። ሌላ መጽሐፍ አመጣ። መነጽሩን ጠርጎ እንደገና አያት።

«ይህች ወፍ ስም የላትም» አለኝ።

ስም የላትም! እኛ ማሽላችንን ስትበላብን የምናወጣላትን ስም ቢሰማ ኖሮ።

ወገኗ ከሸማኔ ወፎች ነው አለኝ። ፕሎቼውስ። በግሪክ ሸማኔ ማለት ነው፤ ሣር እየጎነጎኑ ጎጆ ስለሚሠሩ። ደርቄ ቀረሁ። ሸማኔ?

ከዚያ እንዲህ አለ። ያገኘሃት አንተ ነህና በስምህ ልሰይማት፤ «ሁሴኒ» ትባል፤ መጨረሻ ላይ «ኢ» ስትገባ «የሁሴን» ማለት ነው፤ የዓለም ሊቃውንት ሁሉ እንዲህ ብለው ይጠሯታል።

እኔን ነው! ስሜ ሲጠራ ለመስማት ብዬ ያልተጠራሁበት ሠርግ የምገባውን ሰው ነው የዓለም ሊቃውንት የሚጠሩት። ጮኼ ልዘል ምንም አልቀረኝ። ከዚያ እንድሪስ መጣብኝ።

«የኔን ይተዉት ጌታዬ። እንድሪስ ይበሉልኝ» አልኩት። ሸማኔ ወንድም እንዳለኝ፣ የት እንዳለም ነገርኩት። ብዕሩን አነሣና ጻፈ። ፕሎቼውስ እንድሪሲ። የእንድሪስ ሸማኔ።

እብድ አይደለሁም። በኛ ዘንድ ስም ያወጣልህ ሰው ባዕድ ሆኖ አይቀርም። ስትታመም ይጠይቅሃል፣ ስትከሰስ ዋስ ይሆንሃል፣ ስትታሰር ይቆምልሃል። አባ ላባ ዛሬ የእንድሪስ የስም አባት ሆነ። የስም አባት ካፒቴኑ ፊት ቆሞ ስሙን ካላስጠራ ምኑን የስም አባት ሆነው?

ግን ስም ያለ አቂቃ አይጸናም። ደም መፍሰስ አለበት፤ ስም ያወጣውም ከሥጋው መብላት አለበት። ያለችን አንዲት ፍየል ናት፤ ዘሀራ ለኢድ ያቆየቻት።

«ለወፍ?» አለች።

«ለእንድሪስ ነው እትዬ።»

«እንድሪስ ሰው ነው።»

«ስሙ ግን ወፏ ላይ ነው ያለው።»

ብዙ አየችኝ። «ውሰዳት» አለች። «ጉራ ሆኖ ከቀረ ግን እኔና አንተ አንተያይም።»

ሼሁን አልጠየቅኋቸውም። የሚሉትን ስለማውቀው።

አገልግሉ ባዶ መጥቷል።

ሐሙስ፣ ኅዳር ፳፫

አረድኩ። አቂቃ ለወንድ ሁለት፣ ለሴት አንድ ነው። አባ ላባ ወፏን ሲከፍታት ሴት ሆና ተገኘች። አልሐምዱሊላህ፤ ሁለተኛ ፍየል ከየት ላመጣ ነበር? እንድሪስ ስሙ ለሴት ወፍ መሰጠቱን ሲሰማ ይገድለኛል። ይውጣና ይግደለኝ።

አጥንት ሳልሰብር በየመገጣጠሚያው ፈታሁ፤ ሥርዓቱ ነው። ቀቀልኩ። ጋሼ ተክሌ እንዲቆሙልኝ ጠርቻቸው ነበርና መጡ። እኔ በረመዳን ጾሜ ላይ፣ እሳቸው በነቢያት ጾማቸው ላይ፣ ባይጾሙም የእስላም ሥጋ አይበሉም። አባ ላባ ብቻውን በላ። እኔ ዝንብ አባረርኩለት።

«እኔና አንተ ጾመን ፈረንጅ የሚበላበት ድግስ ዛሬ ገና አየሁ» አሉ ጋሼ ተክሌ። ቀስ ብለውም «ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል። ይህን ያወጣው መልአክ ለመሆኑ እርግጠኛ ነህ?» አሉኝ።

እርግጠኛ ነኝ አልኳቸው።

ሲጠግብ ነገሬን አቀረብኩ። አሁን የስም አባት እንደሆነ፣ ኢድ እንደ ደረሰ፣ ካፒቴኑን አንዲት ቃል ቢለው እንደሚበቃ። ሁሉም የገባው አልመሰለኝም። ግን «አዎ፣ አዎ፤ አሁን ወደ ምሽጉ እሄዳለሁ፤ የወንድምህን ስም ለካፒቴኑ እነግራለሁ» አለ። አንዱን ጭን በጨርቅ አስጠቅልሎ ይዞለት ሄደ።

በገዛ ዓይኔ አየሁት፤ የፍየላችን ጭን በምሽጉ በር ሲገባ!

ዘሀራ ማፍጠሪያውን ይዛ ስትወጣ «የእንድሪስን ንጹሕ ልብስ አውጪለት፤ ሜዳ ወጥቶ ኢድ ይሰግድበታል» አልኳት። መንገድ ላይ ላገኘሁት ሁሉ ነገርኩ። «ወንድሜ በወፍ ክንፍ ሊወጣ ነው» አልኩ። ሰዉ አመነኝ። እኔን የሚያምን ሰው እንዳለ ዛሬ አወቅሁ።

ዓርብ፣ ኅዳር ፳፬

ሙሉውን መጣ።

ጨርቁ ላይ ያለው ቋጠሮ ዘሀራ ራሷ ያሰረችው ነው። ተምሩም አለ፣ እንጀራውም አለ፣ ሾርባው ረግቷል።

ከጠዋቱ ልጀምር። እያፏጨሁ ጅግራ ይዤለት ሄድኩ። አባ ላባ ዕቃውን ይሸክፋል፤ ነገ ሊሄድ ነው። ጅግራዋን ሲያይ ስሟን ነገረኝ። ኑሚዳ ሜሌያግሪስ። ኑሚዳ ድሮ በሰሜን አፍሪካ ከነበረ አገር የመጣ ስም ነው። ሜሌያግሪስ ግን ከግሪኮች ተረት ነው። አንድ ጀግና ሞተ፤ እህቶቹ እምቢ አንጽናናም ብለው ሲያለቅሱ ሲያለቅሱ ጅግራ ሆኑ። ላባዋ ላይ ያለው ነጭ ነጠብጣብ እንባቸው ነው።

ጅግራ ሳይ ትዝ የሚለኝ ወጧ ነበር። ዛሬ ግን እትዬ ዘሀራ ፊቴ ላይ ድቅን አለች።

«ትናንትስ እንዴት ሆነ?» አልኩት።

«ካፒቴኑ በጣም ሳቀ። ወፍ የተሰየመለት እስረኛ ማነው? አለኝ። ሸማኔ ነው አልኩት። ያ ጋቢ የሚሠራው? አለ። አስታወሰው።»

አስታወሰው።

«እንዲፈታስ ነገሩልኝ?»

«እኔ የወፍ ሰው ነኝ ሁሴን፤ በሱ ነገር አልገባም። ግን አትዘን። ስማቸው ወፍ ላይ ያሉ ስንቱ ሞተዋል፤ ስማቸው ግን ይኖራል። ወንድምህም እንደዚያው።»

«ያንሡት!» አልኩ። «ስሙን ከወፏ ላይ ያንሡት። ሁሴን ይበሉት። ምንም አይበሏት።» ራሱን ነቀነቀ። ጽፎ በትናንቱ መኪና ልኮታል። የወጣ ስም አይነሣም። ያቺን እግር የለሽ ወፍ አስታወሰኝ፤ እኔም እኮ አልረሳኋትም።

ጁምዓን ከኋላ ሰልፍ ሰገድኩ። ስወጣ ሰዉ ከቦኝ «እንኳን ደስ ያለህ! እንድሪስ መቼ ይገባል?» ይለኛል። «ኢንሻአላህ» ከማለት ሌላ ቃል አጣሁ። እኔ! ቃል አጣሁ።

ማታ አባ ቁልፍ አገልግሉን ሲመልስ ለዘሀራ እንዲህ አላት፤ «ካፒቴኑ ረስቶት ነበር። ሰው ትናንት ስሙን አነሣበት። አሁን ጨለማ ቤት ነው፤ ምግብ አይገባለትም።» ማን እንዳነሣው አልነገራትም። እኔ ነገርኳት።

ብትሰድበኝ ምን ነበረበት። አልሰደበችኝም። ሾርባውን ደፋች፤ እንጀራውን ለሚያልፍ ሰው ሰጠች፤ ጨርቁን አጥባ አሰጣች።

እንድሪስን ጠብቆ ያቆየው መረሳቱ ነበር። ፍየል አርጄ ያስታወስኩባቸው እኔ ነኝ።

ቅዳሜ፣ ኅዳር ፳፭

ዛሬም ሙሉውን፤ አባ ቁልፍ ከበሩ መለሰው።

አባ ላባ ሄደ። ሣጥኖቹን መኪናው ላይ የጫንኳቸው እኔ ነኝ። እንድሪስ ጣርማ በርን አልፎ ሄደ፤ ጥጥ ተሞልቶ፣ መርዝ ተቀብቶ፣ ስሙ እግሩ ላይ ታስሮ። አባ ላባ ሲሰናበተኝ እጄን በሁለት እጁ ያዘ። ከልቡ ነው። ክፉ ሰው አይደለም፤ ክፉ ቢሆን እኮ እረግመው ነበር።

ስዞር ማሽላችንን ግሪሳ ወርዶበታል። ማማው ላይ አልወጣሁም። ይብሉት።

ጎረቤት ያለ ጉዳይ እየመጣ ይቀመጣል። ወሬ የለ፣ ሳቅ የለ። መርዶ የሚነገረው ጎህ ሲቀድ ነው፤ እነዚህ ቦታ ሊይዙ የመጡ ይመስላሉ። ዘሀራ ታያቸዋለች፣ ምንጣፍ ታነጥፋለች።

ቀልድ ልጽፍ ብዬ ብዙ ተቀመጥኩ። አልመጣም።

ጨረቃ ታይታለች። ነገ ኢድ ነው።

እሑድ፣ ኅዳር ፳፮

ጎህ ሲቀድ ነቅቼ በር በሩን አየሁ። ያንኳኳ የለም። ብርሃኑ እስኪሞላ ድረስ አልተነፈስኩም።

ሜዳው ላይ ሰግደን ሁላችንም ወደ ምሽጉ በር ሄድን። አስተርጓሚው ድንጋይ ላይ ቆመ። ስም ይጠራል፣ ሰው ይወጣል፣ እልል ይባላል። ስም ይጠራል፣ ሰው ይወጣል፣ እልል ይባላል። ከዚያ «እንድሪስ!» አለ። ዘሀራ ክንዴን ጨመቀችኝ፤ ጥፍሯ ገባ። የወጡት ግን የካራቆሬው ግመል ነጂ፣ ሽማግሌው እንድሪስ ናቸው። በዱላቸው ተደግፈው ወጡ። ዘሀራ እጄን ለቃ እልል አለችላቸው። እኔ አልቻልኩም።

አስተርጓሚው ወረቀቱን አጠፈ። በሩ ተዘጋ።

ሰዉ ሲበተን ዘሀራ አገልግሉን ከነጠላዋ ሥር አወጣች። የማሽላ እንጀራ በወተት ነው። ሥጋማ የለም፤ ሥጋውን ወፍ በልቶታል።

«አይገባም ብዬሻለሁ» አላት አባ ቁልፍ።

«ኢድ ነው ወንድሜ። አንተንስ የወለደች የለችም?»

ወዲያና ወዲህ አይቶ ተቀበላት። ነገ ተመለሽ አላላትም፤ ስለዚህ ቅጥሩ ሥር ተቀመጥን። ፀሐይ ከጭንቅላታችን ወደ ጀርባችን ዞረች። ጋሼ ተክሌ በዚያ ሲያልፉ አዩን፤ መጥተው ከአጠገቤ ተቀመጡ። ጉራም አልነዛሁ፣ እሳቸውም አልመከሩኝ።

አባ ቁልፍ ወጣና አገልግሉን ዘሀራ ጭን ላይ ጥሎላት ተመልሶ ገባ።

ነቀነቅነው። ቀሏል። ባዶ ነው። ጨርቁን ወደ ብርሃን አዞርኩት፤ ቋጠሮዋ አለች። ጫፏ ወደ ውስጥ ተደብቃለች። የእንድሪስ ናት፤ ወላሂ የእንድሪስ ናት። ግን ላልታለች። እንድሪስ የሚያስራት ድንጋይ ነበረች፤ ይህችን የቋጠራት አንድ እጅ ብቻ ይመስላል፣ ወይም ጣቶቹ እንደ ድሮው አልታዘዙትም። ምን አድርገውት ይሆን? ጨለማ ቤት ነው ያለው ወይስ ወጣ? ነገስ ያስገቡልናል? ማንን እንጠይቃለን?

ዘሀራ እንደ ልማዷ ቋጠሮዋን ወደ ጥርሷ አስጠጋቻት። ከዚያ መለሰቻት። ቤት ስንገባ አገልግሉን ከነጨርቁ ምሰሶው ላይ ሰቀለችው።

«ነገ በምን ልትወስጂለት ነው?» አልኳት።

ከዓርብ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቴን አየችኝ።

«ሌላ እንዋሳለን» አለች። «ይህችን እሱ መጥቶ ይፍታት።»